ልምድ ቀስመን ተመለስን

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በተሸነፉ ቁጥር «ለምን አላሸነፉም?» እያሉ የሚነጫነጩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የምትሄድበት ጉዳይ ጨርሶ አልገባቸውም። ሌላው አገር የሚሄደው ለዋንጫ ነው፤ እኛ የምንሄደው ልምድ ለመቅሰም ነው። ዋንጫው አንድ ስለሆነ ግፊያ አለበት። ልምዱን ግን ማንም አይሻማንም፤ እንዲያውም ባላጋራችን ራሱ እየመላለሰ መረባችን ውስጥ ያስቀምጥልናል።

በዚህ ጉዳይ ከሰቆጣ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሰቆጣ ዋና ከተማዋ የሆነችው ዋግ ኽምራ ልምድን በደንብ ታውቀዋለች። ልምድ በላንድክሩዘር ይመጣል። ባነር ይሰቀልለታል፤ ባነሩ ላይ «የልምድ ልውውጥ መድረክ» ተብሎ ይጻፋል። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፣ ምሳ ይበላል፣ የአበል ወረቀት ላይ ይፈረማል። በማግስቱ ላንድክሩዘሩ አቧራውን አስነስቶ ይሄዳል፤ ባነሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለእህል ማስጫ ያገለግላል። ስለዚህ ከውድድር መልስ ቦሌ ላይ ማይክ ተደቅኖ «ጥሩ ልምድ ቀስመን ተመልሰናል» ሲባል ሰቆጣ አትደነግጥም። አሠራሩን ታውቀዋለቻ!

ቅሰማው የተጀመረው ገና ከመሠረቱ ነው፤ መሥራቾች ነንና። በየካቲት 1949 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ወጣች፤ እኛም አንድ ኳስ ሳንመታ ለፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ አድ-ዲባ ነበር። አራት መምህር የሚሰጠውን ትምህርት ከአንድ መምህር መውሰድ ቁጠባ ነው።

በ1954 ግን ያልታሰበ አደጋ ደረሰ፤ አሸነፍን። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተው ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበሉ። አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፣ አዘጋጆቹም እኛ ስለነበርን ሁለት ጨዋታ በቃን የሚል ምቀኛ አይጠፋም። እሱን ተዉት። ዋናው ጉዳት ሌላ ነው፦ ይህ ድል ከዚያ በኋላ የመጣውን ትውልድ ሁሉ ከሥራ ገላግሎታል። ታዳጊ ለምን አይሠለጥንም ሲባል «እኛ እኮ የዋንጫው ባለቤት ነበርን»፤ ሜዳ ለምን አይሠራም ሲባል «እኛ እኮ ከይድነቃቸው ተሰማ ጋር ካፍን የመሠረትን ነን»። ይድነቃቸው እንዲህ በየቀኑ ለምስክርነት እንደሚጠራ ቢያውቅ ማኅበሩን ሌላ ሰው ይመሥርተው ይል ነበር።

ከ1974 የሊቢያው ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ልምድ ተቋረጠብን። ጥቅምት 2005 ላይ፣ ሱዳን ሄደን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስንመለስ፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አዲስ አበባ ላይ ሁለት አገቡና ከሜዳችን ውጭ ባገባነው ጎል ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ያን ቀን አገር አለቀሰ። በመድረሳችን ያለቀስነውን ያህል ዋንጫ የወሰዱት በመውሰዳቸው አላለቀሱም።

ጥር 13 ቀን 2005፣ የ1954ቱ ዋንጫ 51ኛ ዓመት በሞላበት በዚያው ዕለት፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ገጠምን። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ ገባብንም። ከዚያ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአንድ አፍታ ላስቀምጠው፦ እሷ ጎል ንጹሕ ኳስ ነበረች። የተሠራችውም በመግለጫ ሳይሆን በእግር ነው። ደግነቱ ስህተቱ ቶሎ ታረመ። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አስተማረችን፤ ሦስቱን ያገባችው የራሷ በረኛ በቀይ ከወጣ በኋላ፣ በአሥር ሰው ነው። ጥር 21 ናይጄሪያ ቪክቶር ሞሰስን ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት አስመታች፤ በሁለተኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጠለቀ። በአንድ ውድድር ሁለት በረኛ በቀይ ማስወጣት ማለት የቀይ ካርድ ልምዳችን ከማንም ያልተናነሰ ነው ማለት ነው። አንድ አግብተን፣ ሰባት ተቀብለን፣ አንድ ነጥብ ይዘን ተመለስን። በኋላ ለፍጻሜ የቀረቡት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ መሆናቸው ሲታወቅ ደስታችን እጥፍ ሆነ፤ የረቱን ትልልቆቹ ናቸዋ!

ሒሳብም ተምረናል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ስንረታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች አሰልፈን ነበርና ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰብን። አንድና አንድ ሁለት መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነጥብ ከፈልን። ውድ ነው አይባልም፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ዛሬ ከዚህ በላይ ያስከፍላል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ሄድን። ከኬፕ ቨርዴ ጋር በ12ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ፣ ውጤቱም 1 ለ 0። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ መራን፤ መሪነቱ ግን ስላልተስማማን በአራት ደቂቃ መለስንላቸው፤ 4 ለ 1 አለቀ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1። አሁንም አንድ ነጥብ። የያኔውም አንድ፣ የአሁኑም አንድ። ይህን የመሰለ ወጥ አቋም የትኛው አገር አለው?

ያን ጥር ሰቆጣ ኳስ የምታይበት ቀልብ አልነበራትም። የሰሜኑ ጦርነት ዋግን አድቅቆ ነበር፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማዋና በዙሪያዋ ተጠልሎ ነበር። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ቡድኑም ተፈናቀለ። ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም አይመጥንም ብሎ ዘጋው፤ አንድም ሌላ ብቁ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረ «የሜዳችን» ጨዋታ ስደት ወጣ። ግብፅን በሰኔ 2014 በሜዳችን 2 ለ 0 ረታን፤ ሜዳችንም ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ከዚያ ሜዳችን ሞሮኮ ሆነ፣ ደግሞ ዳሬሰላም። የዋግ ተፈናቃይ የሰው ደጅ ላይ «ቤቴ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃልና ዋልያዎቹን ከልቡ ያዝንላቸዋል። ልዩነቱ እነሱ የሚፈናቀሉት በአውሮፕላን መሆኑ ብቻ ነው።

የዋግ ታሪክም ለዚህ ጥበብ ባዳ አይደለም። የሰቆጣው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1863 በርካታ ሠራዊት ይዞ አድዋ አጠገብ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባለውን ካሳን ገጠመ። ካሳ ሰዉ ጥቂት ነበር፤ ግን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ትቶለት የሄደውን መሣሪያ ታጥቆ፣ ሠልጥኖም ነበር። ጎበዜ ተማረከ። «ልምድ ቀስመናል» የሚል መግለጫ የሚሰጥበት ዕድል ግን አላገኘም፤ ዘመኑ ኋላ ቀር ነበር።

ዘመናዊቷ ሰቆጣ ግን መግለጫ አልጎደለባትም። በሐምሌ 2007 አዲስ አበባ ላይ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አሉት። ዓላማው ቅዱስ ነው፣ በሱ አልቀልድም። የሚገርመኝ ስማችን ከእኛ በፊት ተጉዞ የማያውቀው የጉባኤ አዳራሽ አለመኖሩ ነው። አሁን ድንጋይ ለቅሞ ባጸዳው ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልለው የሰቆጣ ልጅ ስሙ ቃል ኪዳን ውስጥ ገብቶለታል፤ ማሊያ ውስጥ ግን ገና አልገባም። ፈላጊ ዐይን እስከ ዋግ ስላልተላከ ነው እንጂ ዳገቱስ ሳንባ ይሠራል።

በጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ፣ በፈረንጆቹ 2029 ይደረጋል ተብሎ የነበረውን ዋንጫ እኛ እናዘጋጅ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ብልህነት ማለት ይህ ነው። አዘጋጅ በማጣሪያ ቢሸነፍም ማለፉ የተረጋገጠ ነው፤ ማለፉ የተረጋገጠለት ደግሞ አይወድቅም። ዋንጫም የበላነው ባዘጋጀን ጊዜ ነው። ስታዲየሙ ቢጎድል ሊሎንግዌ አለችልን።

ሰቆጣም ከዝግጅቱ ድርሻዋን ትጠይቃለች። ጨዋታ ይሰጠን አላልንም፤ ያ ለትልልቆቹ ከተሞች ይሁን። እኛ የምንለው ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ የሚደረገው የግምገማና የልምድ ልውውጥ መድረክ እዚህ ይሁን ነው። የአበርገሌ ፍየል አለ፣ ማር አለ፣ ባነሩም ከነመስቀያው አለ። እንግዶቹ ከ1949 ጀምሮ የተቀሰመውን ብቻ ጭነው ይምጡ፤ ማውረጃ አህያ ከዋግ አይጠፋም።