ጉባኤ ዘሪፖርት

ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ይባላል። ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ባለቅኔው ሰሙንም ወርቁንም በሁለት ስንኝ ቋጥሮ ይቀመጣል። መወድስ እንኳ፣ ስሙ ምስጋና ሆኖ ሳለ፣ በስምንት ቤት ያበቃል። የጥንት ሊቃውንት «ጉባኤ» የሚለውን ስም ለአጭሩ መስጠታቸው የኋላውን ባለማየታቸው ነውና አይፈረድባቸውም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አራት ኪሎ፣ በመንበረ ፓትርያርኩ የሚደረገውን የአጠቃላይ ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ የመጀመሪያ ቀን ቢያዩ ኖሮ ስሙን ለሌላ ባስቀመጡት ነበር። ለዚህ ጉባኤ አዲስ የተወከለ ልዑክ በዚያ ቀን አንድ ታላቅ ጥበብ ይማራል፦ ወንበር ላይ መጽናት። የላከው ሕዝብ አፍ ይሆነኛል ብሎ ነበር። አዳራሹ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጆሮ አድርጎ ይሠራዋል፤ ሪፖርት ይነበባልና።

ንባቡ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ደግ ነው። ሰበካ ጉባኤ የሚተዳደርበት ሕግ ቃለ ዓዋዲ ነው፤ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣ። ስሙ በኢሳይያስ ትንቢት በበረሃ ከሚጮኸው ሰው ድምፅ የተወሰደ ነው። አሳቡም ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያናቸውን ነገር እንዲመክሩበት ነበር። ብዙ ሳይቆይ፣ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱም ርስትና ጉልት አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ ቅዳሴው ሳይታጎል፣ ደጁ ሳይዘጋ የኖረው ምእመኑ በሰበካ ጉባኤው በኩል በሚያዋጣው ሳንቲም ነው። ይህ ሊቀለድበት የማይገባ ውለታ ነው። ሆኖም ድርጅቱ በችግር ቀን የለመደው ቋንቋ አንደበቱ ሆኖ ቀረ፤ በበረሃ ይጮኽ የነበረው ድምፅ ገቢና ወጪ፣ ፈሰስና ተመላሽ እያለ ይቆጥር ጀመር።

ሒሳብ ከተነሣማ እናስላው። በአገር ውስጥም በውጭም ያሉት አህጉረ ስብከት ተደምረው ከ50 ይበልጣሉ። ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ቢሰጥ (ዐሥር ደቂቃ ሰጥቶ በዐሥረኛው የሚያስቆም መድረክ መሪ ተገኝቶ ማለት ነው) 500 ደቂቃ፣ ይኸውም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ጸሎቱ፣ ቃለ ምዕዳኑ፣ የጠቅላይ ቤተ ክህነቱ ሪፖርትና ምሳው ገና አልታሰቡም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰዓት የሚሰማው ዜማ አንድ ነው፦ «ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ብልጫ አሳይቷል»። ገቢው በልጧል፣ የተጠመቀው በልጧል፣ የታነጸው በልጧል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም መምህሩ ፊት ያፍራል፤ ብልጫ ግን በየዓመቱ ቢደገም ጭብጨባው አይጎድልበትም። የሕዝብ ቆጠራ የተባለው ጨዋታ አበላሽ እንጂ ሌላው ሁሉ ተስማምቶ ነበር። የ1987ቱ ቆጠራ ኦርቶዶክሳዊውን ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ አለው፤ የ1999ኙ 43.5 በመቶ። በእርግጥ ሪፖርቱ አልዋሸም፤ ምእመኑ በቁጥር ጨምሯል፣ አገሩ ሁሉ ወልዷልና። የመጣውን የሚመዘግብ ዓምድ አለ፤ የሄደው በየት በኩል ሄደ፣ ለምንስ ሄደ የሚል ዓምድ ግን በሠንጠረዡ ላይ ማን አስምሮበት? በጥር 2015 ወሊሶ አጠገብ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ተሾሙ ተብሎ አገር ሲናወጥ ሹመቱ ድንገተኛ ነበር፤ ለሹመቱ ምክንያት የተባለው የአገልግሎት ቋንቋ ቅሬታ ግን በአንድ ሌሊት አልበቀለም። በሪፖርቱ ያልታየው ቅሬታ «ብልጫ አሳይቷል» ተብሎ ስለማይነበብ ነው።

«ሪፖርት ካልተነበበ ተጠያቂነት ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚከበር ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሁሉ ቆሞ መናገር አለበት። ነገር ግን ተጠያቂነት የሚባለው ጠያቂ ሲኖር ነው። አንባቢው አንብቦ ከወረደ፣ አድማጩ አጨብጭቦ ከተቀመጠ፣ ማን ማንን ጠየቀ? ወረቀቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ለልዑካኑ ቢደርስ ቁጥሩ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ጭብጨባው ብቻ ነው፤ አሳሳቢውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ደግሞ «እኛ በቃል የኖርን ነን፣ ንባብ ባህላችን ነው» ይላል። በቃል መኖሩስ እውነት! ግን በአብነቱ ትምህርት ቤት ጉባኤ ተዘረጋ ሲባል ደቀ መዝሙሩ ዝም ብሎ ዋለ ማለት አይደለም። በመጻሕፍቱ ጉባኤ ንባብ ለትርጓሜ መግቢያ ነው፤ «እንዲህም ይላል፣ አንድም» እያለ ምሥጢሩ ይፈተሻል፣ ተማሪው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳል። የእኛው ሪፖርት አንድም የለውም። አንድ ብቻ ነው።

«በአባቶች ጉባኤ መሣለቅ ድፍረት ነው» ለሚል ደግሞ መልሱ ከራሳቸው ከአባቶች ይገኛል። ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ሲሰበሰቡ የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ። ብዙ ተከራከሩ፤ ሲጨርሱ ለአንጾኪያ የላኩት ደብዳቤ ጥቂት መስመር ነው። ጴጥሮስ በቆመ ጊዜ የይሁዳና የሰማርያን የዓመት ክንውን በመቶኛ አላቀረበም፤ እግዚአብሔር በአሕዛብ መካከል ያደረገውን ተናገረ፣ ተከራከረ፣ ተቀመጠ። በ325 (እ.ኤ.አ.) ኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንትም እንደዚሁ፤ አርዮስን በክርክር ረቱት እንጂ በሪፖርት አላደከሙትም። እርግጥ ነው፣ ያኔ ፕሮጀክተር አልነበረም።

የእኛ ልዑክ ግን ጥያቄውን በኪሱ እንደ ያዘ ነው። የገጠሩ ደብር ቄስ ለምን ከተማ ገብቶ ይለምናል፣ አብነት ትምህርት ቤቱስ ለምን ባዶውን ቀረ የሚል ጥያቄ። ዛሬ መሽቷል። ነገ የተረፉት አህጉረ ስብከት ያነባሉ። በማብቂያው የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ ልዑኩም ምን አቋም እንደ ነበረው ያን ጊዜ ከሌላው ጋር እኩል ይሰማል።