አሥረኛውን መጽሐፍ እንደ አሥረኛ ላለመቁጠር የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን መጽሐፍ «የዓለም ዓይን»ን ገልጠን ከሮበርት ጆርዳን ጋር መንገድ የወጣን፣ ተከታታይ ልብወለዱ «የጊዜ መንኮራኩር» ሲዞር አብረን የዞርን፣ አሁን ግን ራሳችን የዞረብን አንባቢያን፤

በ2000 በወጣው ዘጠነኛ መጽሐፍ ማብቂያ ጀግናው ራንድ አልቶር ከጓደኛው ከናይኒቭ ጋር ሆኖ፣ ወንዶቹን ባለኃይሎች ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሲያሳብድ የኖረውን የሳይዲን (የወንዶቹ ኃይል) እድፍ ስላጠራልን፤

«ከዚያስ?» እያልን ከሁለት ዓመት በላይ ስለጠበቅን፤

በጃንዋሪ 2003 የደረሰን አሥረኛው መጽሐፍ «የድንግዝግዝ መስቀለኛ መንገድ» ግን እድፉ የጠራባትን ያችኑ ቀን መልሶ ስላመሻት፣ አንዷ ከሩቅ የሚንቀለቀለውን ኃይል አይታ «ምን ይሆን?» ስትል፣ ሌላዋም «ምን ይሆን?» ስትል፣ ምን እንደሆነ እኛ ቀድመን ስላወቅን፤ በዚያው ዓመት የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የአንዲት ቀን አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ርዕሱ አጭር ነው፤ ደራሲው ልብ ይበሉ።

2. ስለ ነቀዝ። የራንድ ጓደኛ የፔሪን ሚስት ፋኢል በ1998ቱ መጽሐፍ በጠላት ጎሳ በሻይዶዎች ከተማረከች፣ በእኛ አቆጣጠር አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በዚህ መጽሐፍም አልተፈታችም። ባሏ በበኩሉ እህል ሸምቷል፤ እህሉም ነቅዞ ተገኝቷል፤ መንፋቱና ማበጠሩ ከጦርነት ባላነሰ ትጋት ተተርኳል። ነቀዙ ግሩም ተደርጎ መጻፉን አንክድም። ፔሪን የአንድ ምርኮኛ እጅ ቆርጦ መጥረቢያውን ጥሎ የሄደባት ትዕይንትም ከዚህ ክስ ነፃ ናት፤ እሷን ደጋግመን አንብበናታል።

3. የዙፋን ወራሿ ኢሌይን ገላዋን መታጠብ መብቷ ነው። ከተማዋ በጠላት ተከባ ሳለ ግን ውኃው እስኪቀዘቅዝ አንባቢ አብሮ እንዲዘፈዘፍ አይገደድም። ቀሚሳቸውን የሚያስተካክሉ አይስ ሴዳይም (ባለኃይሎቹ ሴቶች) በአንድ ምዕራፍ ከሦስት መብለጥ የለባቸውም።

4. ዓለምን ያድናል የተባለው ራንድ ከጥቂት ገጾች በቀር አልታየም። ያየ ይጠቁም።

5. በመጨረሻዎቹ ገጾች የአማፂዎቹ አይስ ሴዳይ መሪ ኤግዌን ተማርካለች። መጽሐፉ ሊዘጋ ሲል ድንገት አንድ ነገር እንዲሆን ማድረግ ቀጣዩን ለማስገዛት እንደተሰጠ ጉቦ ይቆጠራል። ጉቦውን ተቀብለናል።

6. ይህ አዋጅ 11ኛው መጽሐፍ መደብር እስኪገባ ድረስ የጸና ይሆናል። በዚያን ዕለት ፈራሚዎቹ በሙሉ ሰልፍ ላይ ስለምንሆን አስፈጻሚ አይኖረውም።