የጋቢና ወሰን ጥያቄ

በአገራችን ፒክአፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ሚስቱን ካሳመነ በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ሲንግል ጋቢና ይሻላል ወይስ ደብል? ጥያቄው በየካፌው፣ በየጋራዡና በየለቅሶ ቤቱ ሲነሣ ኖሯል። ምሁራን ግን ፊት ሰጥተውት አያውቁም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ መጠነኛ ሙከራ ነው።

የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው። አጥኚው የራሱ ፒክአፕ የለውም፤ ይህም ከወገንተኝነት ነፃ ያደርገዋል። መረጃው የተሰበሰበው በሰው መኪና በመሳፈር ሲሆን አብዛኛው የተገኘው ከኋላ፣ ከጭነቱ ጋር ተቀምጦ ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እናጥራ። ጋቢና ሾፌሩና የተከበሩ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። ካሶኒ የቀረው ሁሉ የሚጫንበት ነው። የካሶኒው ግድግዳ ስፖንዳ ይባላል፤ ከሥር ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራ ነው። አራቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከአገራችን ሲባረር የመኪናውን ክፍሎች ስም ለመሰብሰብ ፋታ አላገኘም። «ሲንግል» እና «ደብል» ግን የእንግሊዝ ናቸው፤ እንግሊዝ ደግሞ ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፎ ጣሊያንን የወጋ ነው። እንግዲህ በ1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የተታኮሱት ሁለት ኃይሎች ዛሬ «ደብል ጋቢና» በሚለው ስም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሄዳሉ። ያስታረቃቸው ሽማግሌ የለም፤ ደላላ ነው። መኪናው ራሱ የጃፓን ሲሆን፣ ጃፓን በዚያ ጦርነት ከማን ወገን እንደነበረች እዚህ ማንሣት ነገር ማክረር ይሆናል።

ወደ ልኬቱ እንለፍ። ለናሙና ቶዮታ ሃይሉክስን ወስደናል፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ በየገጠሩ መንገድ የተፈተነ መኪና ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ሲንግልም ሆነ ደብል ርዝመቱ 5.3 ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀትም ለሁለቱም ያው 3 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ይህ የጥናታችን የመጀመሪያ ግኝት ስለሆነ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያጤነው እንለምናለን፦ ሰዉ «ትልቁ» የሚለው ደብል ጋቢና አንድ ክንድ እንኳ አይበልጥም። መሬቱ ያው ነው፤ የተገፋው ድንበሩ ነው። በሲንግሉ 2.3 ሜትር ገደማ የነበረው ካሶኒ በደብሉ ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል። 80 ሳንቲሜትር ያህል ከዕቃ ተቀምቶ ለሰው ተሰጥቷል ማለት ነው። የተቀማው ወገን አፍ ስለሌለው እስካሁን አቤቱታ አልቀረበም። 1.90 የሆነ ፍራሽ በሲንግል ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ በደብል ላይ ግን ስፖንዳው ይከፈትና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል።

ስለዚህ ሲንግል ወይስ ደብል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ስለ መኪና አይደለም። ከዘመድ ወዳጁ ስንቱን ሰው ብሎ እንደሚያስገባ፣ ስንቱን እንደ ዕቃ እንደሚጭን ነው።

ከሁለቱ መካከል ኤክስትራ ካብ የሚባል ሦስተኛ ወገንም አለ። ከወንበሩ ኋላ ሰው የማይችለው፣ ግን ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለው። በዚህ ጥናት አልተካተተም። አንድ ጊዜ ከሻሸመኔ ተሳፍሬበት እግሬን መልሼ ያገኘሁት ሞጆ ስደርስ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ጥያቄው የሚመጣባቸው በሌላ መልክ ነው፦ ትንሽ ፒክአፕ ወይስ ትልቅ? ዳላስ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በፎርድ ማቭሪክና በፎርድ ኤፍ-150 መካከል ሲዋልል ደውሎ አማከረኝ። ማቭሪክ እዚያ «ትንሹ» ነው፤ 5.07 ሜትር ይረዝማል። የኛይቱ የመጀመሪያዋ ቪትዝ 3.61 ሜትር ናት። ኤፍ-150 ባለአራት በሩ ደግሞ ስድስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እንዲህ ያወፈረው የነዳጁ ርካሽነትና የመንገዱ ስፋት ነው የሚል ካለ ከፊሉን ብቻ ነው የያዘው፤ ዶሮም አለችበት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች የአሜሪካን ርካሽ ዶሮ በቀረጥ ሲከለክሉ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1963 መጨረሻ አጸፋውን መለሱ፤ ከመለሱባቸው ዕቃዎች አንዱ ከውጭ የሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ነበር። ቀረጡ 25 በመቶ ነው። የዶሮው ጠብ ከተረሳ ዘመን አለፈው፤ የመኪናው ቀረጥ ግን ዛሬም አለ። የውጩ ትንሽ ፒክአፕ በር ላይ ሲጉላላ የቤቱ ልጅ ያለ ተቀናቃኝ እየበላ አደገ። ዶሮን በአሥራ ሁለት ብልት ከፋፍለን ጠበኛ ቤተሰብ የምናስታርቅ እኛ፣ አንዲት ዶሮ ይህን ያህል ብረት ታወፍራለች ብለን አልጠረጠርንም።

«ጋቢናቸው ስንት ሰው ይይዛል?» አልኩት የአጎቴን ልጅ።

«ያየኋቸው ሁለቱም አምስት አምስት።»

«እንግዲያው ምን ያወዛግብሃል? ሁለቱም ደብል ናቸው።»

ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ወደ መስክ መረጃችን እንመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ለገና በግ ልንገዛ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደብረ ብርሃን ሄድን። መኪናው የእህቴ ባል ሲንግል ሃይሉክስ ነበር። ተጓዦቹ እሱ፣ ገንዘብ ያዥ አክስቴ፣ የበግ ጥርስ አይተው ዕድሜ የሚናገሩት የዕድራችን ዳኛና አጥኚው ነን። ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። እናም ሥርዓቱ ተጀመረ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለ የእህቴ ባል።

«ኧረ በፍጹም! እትዬ ሳይገቡ?»

«እኔ ኋላም ይመቸኛል» አሉ አክስቴ፣ አንድ እግራቸውን ጋቢናው ውስጥ አሳርፈው።

«ልጁ ይግባ፤ ብርዱን አያችሁት?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ ኋላ ሆነው እኔ ጋቢና? አላደርገውም» አልኩ።

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ይህ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ካሶኒ ላይ እንደምወጣ ገና ከቤት ስንነሣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሥርዓቱ የቆመው ማን እንደሚገባ ለመወሰን አይደለም፤ ኋላ የሚወጣው ሰው ተለምኖ እንደወጣ እንዲሰማው ነው። በዚህ ረገድ ውጤታማ ነው፤ እስከ ኮተቤ ድረስ ተሰምቶኛል።

መካከል የተቀመጡት አክስቴ ናቸው፤ ይህም ሜካኒካዊ ውጤት አለው። አምስተኛ ማርሽ የሚገባው ወደ ቀኝ ተስቦ ወደፊት ነው፤ እዚያ ደግሞ የአክስቴ ጉልበት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አምስተኛ የሚያስገባ መንገድ ስለሌለ ሰላም ነበር። ለገጣፎን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ መንገዱ ተለቀቀ። የእህቴ ባል የሚስቱን አክስት ጉልበት በማርሽ መግፋት ነውር ሆኖበት እስከ ሸኖ በአራተኛ ነዳው። በኋላ እንደነገረኝ ጋሼ «ምነው መኪናው ያቃስታል?» ቢሉት «ዳገት ነው» ብሏቸዋል። መንገዱ ሜዳ ነበር። ፋብሪካዎች የናፍጣ ፍጆታ ሲያሰሉ የአክስት ጉልበትን ግምት ውስጥ አያስገቡም።

ስንመለስ ካሶኒው ላይ አራት በግና እኔ ሆንን። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም። እነሱ ፀጉር አላቸው፣ እኔ ጋቢ አለኝ፤ ሰንዳፋ ስንደርስ ተደጋግፈን ነበር። ኬላው ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«ኋላ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

«ሰው አይደለም» አለ የእህቴ ባል፣ «ረዳት ነው።»

ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ በጎቹን አየ፣ «ቀጥል» አለ። በሰውና በዕቃ መካከል ሦስተኛ መደብ መኖሩ የተረጋገጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ የእህቴን ባል ሕሊና ስለቆረቆረው ሲንግሉን ሸጦ ደብል ሊገዛ ተነሣ። ደላላው አንዱን ነጭ ደብል ጋቢና እየዞረ ዳበሰው። «ፊልድ ያልወጣ፣ ሐኪም የነዳው» አለ። በዚህ ከተማ ሐኪም ነዳቸው የሚባሉት ፒክአፖች ብዛት ሲታይ ሐኪሞቻችን መቼ እንደሚያክሙ ግልጽ አይደለም። ከአራቱ በሮች የአንዱ ነጭነት ከሦስቱ ነጭነት ይለያል።

«ይህስ?» አልኩት።

«ፀሐይ ነው።»

ፀሐይ በአንድ በር ላይ ብቻ ስለምትወጣባቸው ሠፈሮች ሌላ ጥናት ያስፈልጋል። መኪናው ተገዛ።

ደብል ጋቢና በከተማችን በብዛት የሚታየው አንድ ሾፌር፣ አንድ አለቃና ባዶ ካሶኒ ይዞ ነው፤ በተለይ ታርጋው ኮድ 4 ከሆነ። መመሪያው አንድ ቶን ገደማ ማለትም አሥር ኩንታል ይጭናል ይላል። እኔ ስድስት ኪሎ መብራት ላይ ቆሜ ያየሁት ግን አንድ ባዶ ሃይላንድ ብቻ ጭኖ ነው። ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው ይንከባለላል፣ ሲነሣ ተመልሶ የኋላውን ስፖንዳ ይመታል። ሲንግል ባለቤቶች በበኩላቸው ሶማሌ ተራ ወርደው ባሌስትራ ያስጨምሩና አሥሩን ኩንታል እንደ መነሻ ሐሳብ ያዩታል።

የመጨረሻው መረጃ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጉዞ ነው። መንገዱም ተጓዦቹም ያው፣ እህቴ ብቻ ተጨምራለች፤ «ቦታ አለ አይደል?» ብላ። አምስት ወንበር፣ አምስት ሰው። «በሞቴ» ያለ የለም። ስንሄድ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለስላሳ መሆኑን ለዕውቀት ያህል እመዘግባለሁ። የእህቴ ባልም አምስተኛ ማርሹን ከነጋሼ ምርቃት አስገባ።

ሁለት በግ ገዝተን ስንመለስ አለልቱ ላይ ዝናብ ጣለ። ትልቁ ሙክት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ኧረ አቁም!» አሉ አክስቴ። «ነገ የሚታረድ በግ ብርድ ከመታው ሥጋው ውሃ ነው የሚሆነው።»

ጋሼ ዘወር ብለው በመስኮት አዩት። «እውነታቸውን ነው» አሉ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ እኔን አዩኝ። ይህኛው ሥርዓት አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ሙክቱ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በእህቴና በአክስቴ መካከል ገባ። እኔ ከሁለተኛው በግ ጋር ሸራ ለብሼ ካሶኒ ላይ ወጣሁ፤ እግሬን ለመዘርጋት ስሞክር ስፖንዳው መለሰኝ። ከሲንግሉ የተቀማችው 80 ሳንቲሜትር የማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ባትሪውን መጀመሪያ ጋቢናው ላይ አበራ። ሙክቱ በመስኮት ዞሮ አየው። ከዚያ ብርሃኑ ወደ እኔ መጣ።

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«ረዳት ነኝ» አልኩት።