ምርመራው በነፃ ነው

እኛ በምንኖርበት በጎግ ለልጅህ መነጽር ግዛ ብሎ የሚያስጨንቅህ ሰው የለም። ፑኝዶ ገበያ የፀሐይ መነጽር ካርቶን ላይ ሰክቶ የሚያዞር ጎረምሳ ታገኝ ይሆናል። እሱም ቢሆን ስለ ዓይንህ ደንታ የለውም፤ ጭንቀቱ ጥቁሩን ትወስዳለህ ወይስ ፊት የሚያሳየውን የሚለው ብቻ ነው። የዓይን ሐኪም ያስፈለገው ሰው አቦቦን አልፎ ጋምቤላ ከተማ ይወጣል፤ እዚያ ካልሆነለት ወደ ጅማ፣ አለበለዚያም አዲስ አበባ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የልጅን ዓይን የሚፈትነው ኑሮው ነው። ጊሎ ወንዝ ላይ ከሩቅ የሚንሳፈፈው ነገር ግንድ ይሁን አዞ የለየ ልጅ ዓይኑ ደህና ነው ይባላል። ላልለየው መነጽርም አይደርስለት።

የመጨረሻው ልጄ ይህን ፈተና ያለፈ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ከማንጎው ጫፍ ካሉት ፍሬዎች የትኛው እንደበሰለ፣ የትኛውን ደግሞ የሌሊት ወፍ ቀድማ እንደቀመሰችው መሬት ላይ ቆሞ ይነግርሃል። እንግዲህ ይህን ልጅ ነው ክረምት ላይ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ይዤው ሄጄ «ዓይኑ ደክሟል» የተባልኩት።

ጣጣው የመጣው በቴሌቪዥን ነው። እህቴ ሳሎን ግድግዳውን የሚሞላ ቴሌቪዥን አለ። ልጄ ገና እንደገባ ፊቱ ተገትሮ ቀረ፤ አፍንጫው ሊነካው ምንም አልቀረው። እህቴ ክው አለች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ እኮ አያይም!»

«ብርቅ ሆኖበት ነው እንጂ ያያል» አልኳት።

«የጎረቤቴም ልጅ ያያል ያያል ሲባል ቆይቶ፣ ዛሬ ያለ መነጽር እናቱን አይለይም።»

በማግስቱ ሦስታችንም አንድ መነጽር ቤት በር ላይ ነበርን። የት ሰፈር እንደሆነ አልናገርም። አዲስ አበባ ውስጥ «በኮምፒውተር የታገዘ የዓይን ምርመራ በነፃ» የሚል ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሰፈር ካገኘህ ግን፣ እዚያ አይደለም። «በነፃ» የምትለው ከሌላው ጽሑፍ ገዘፍ ብላ በቀይ ተጽፋለች። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት።

የተቀበለን ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ነው። ጋውኑ የሐኪም ነው፤ ፈገግታው ግን የሱቅ። ልጄን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠና ከመሣሪያው ፊት አስደገፈው።

«ማሙሽዬ፣ አገጭህን እዚህ ላይ፣ ግንባርህን እዚህ ጋ። ምን ይታይሃል?»

«መንገድ።»

«ጎበዝ! ከመንገዱ መጨረሻስ?»

«ፊኛ። ትልቅ ፊኛ። ሰው አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?»

ወጣቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም። መሣሪያው ጢጥ ጢጥ አለና የሱቅ ደረሰኝ የምታህል ወረቀት ተፋ። ወረቀቷን አየ፤ ልጄን አየ፤ ከዚያ እኔን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ያንን ትንፋሽ ሥልጠና ሰጥተውት ካልሆነ፣ ተሰጥኦ ነው።

«አባት፣ ትንሽ ዘግይታችኋል።»

«ምን አገኘህበት?»

«ቁጥር አለው። ሁለቱም ዓይን። አሁን ካልያዝነው ይጨምራል።» ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ ዓይኑ ግን እህቴ ቦርሳ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ማን ቶሎ እንደሚደነግጥ፣ የደነገጠው ደግሞ ገንዘብ መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ኮምፒውተር አላስፈለገውም።

ቀጥሎ ምርመራው ወደ እኔ ዞረ።

«ታብሌት ላይ በቀን ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ታብሌት የለንም።»

«ስልክስ?»

«ስልኬን እኔም የማገኘው ኔትወርክ ሲኖር ነው።»

«ቴሌቪዥን ግን…»

«ትናንት ከምሳ እስከ እራት!» አለች እህቴ። የገዛ እህቴ!

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። ይህንኑ ነበር የጠረጠርኩት የሚል አነቃነቅ ነው። ወዲያው ፍሬም የተደረደረበት ትሪ መጣ። ከላይ ያለውን ዋጋ ስሰማ ወንበር ፈለግኩ፤ ወንበሩን የያዘው ልጄ ነው። ፍሬሙ ሲታለፍ ሌንሱ ይጀምራል። አንደኛው «ኖርማል» ይባላል። ወጣቱ «ኖርማልም አለ…» ብሎ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ተወው፤ ቀሪውን እኔ እንድሞላው ነው። ከኖርማል በላይ የማይጫጫረው አለ፣ ከዚያ አንጸባራቂነቱ የጠፋለት፣ ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ያግዳል የሚባለው ብሉ ካት፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው «ፎቶ»። አንዱን ደረጃ ስትወጣ ከታች ያለው ልጅን የሚጎዳ እየመሰለ ይመጣል። የሚገርመው ወጣቱ አንዴም «ግዙ» አላለንም። ያለው «ለሌላ ነገር ቢሆን እኔም ኖርማሉን እል ነበር፤ ዓይን ሆኖብኝ ነው» ብቻ ነው።

አጠገባችን አንዲት እናት ለልጇ ሮዝ ፍሬም እያስለካች ነበር። መለካቱን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። ልጇም እኔን ማየት ጀመረች። በዚያች ቅጽበት እኔ አስተማሪም፣ አባትም፣ ወንድምም አይደለሁም፤ ሳንቲም እየቆጠረ የልጁን ብርሃን የሚያጠፋ ሰው ነኝ።

ማመንታቴን ሲያይ ማስረጃውን አመጣ። ሰማያዊ ጨረር የሚረጭ ትንሽ ባትሪና አንዲት ካርድ። ጨረሩ በኖርማሉ ሌንስ አልፎ ካርዷ ላይ ምልክት ያወጣል፤ በብሉ ካቱ በኩል ግን አያልፍም። «አዩት? ይሄ ነው በየቀኑ ልጁ ዓይን ውስጥ የሚገባው።» እህቴ አፏን በእጇ ያዘች። ልጄ በበኩሉ «አባዬ፣ መነጽሩ ይቅርና ያን ባትሪ ግዛልኝ» አለ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቤቱ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ሚዛን የደፋው ሐሳብ ይኸው ነበር።

ሰማያዊ ብርሃን መጥፎ ከሆነ፣ ከየትኛውም ስክሪን አብልጦ የሚያወርደው ፀሐይ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ጎግ ነው። መጋቢት ላይ ቆርቆሮው እንቁላል ሊጠብስ በሚደርስበት አገር ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ፣ እህቴ ሳሎን ባየው የካርቱን ፊልም ዓይኑ ሊጠፋ ነው መባሉ አልዋጥልህ አለኝ።

«እናስብበት፤ የቁጥሩን ወረቀት ስጠን» አልኩት።

«ወረቀቱ እኮ… ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።»

«አሁን እጅህ ላይ ያለውስ?»

«እሱ የውስጥ ነው።»

ፍሬሙን ካልገዛህ የልጅህን ዓይን ቁጥር አታውቅም ማለት ነው። ምርመራው ነፃ ነው፤ ውጤቱ ግን በመያዣ ተይዟል።

ማታ የእህቴን ዋይፋይ አገኘሁና ስቆፍር አመሸሁ። አሜሪካኖች ይህችን ወረቀት በተመለከተ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አላቸው፤ የመረመረህ ሰው ጠየቅክም አልጠየቅክም፣ ከእሱ ገዛህም አልገዛህም፣ ምርመራው እንዳለቀ የመነጽር ማዘዣህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እጅህ ላይ ማኖር አለበት። ደንብ ያወጡት እነሱም ጋ «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው» የሚል ስለነበረ መሆን አለበት። እንግሊዝ አገርም ቡትስ ኦፕቲሺያንስ የተባለው ትልቅ ድርጅት ብሉ ካት መሰሉን ሌንሱን ባስተዋወቀበት መንገድ የተነሳ የሙያው ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. 40,000 ፓውንድ ቀጥቶታል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ተቋም ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ሌንሱ ከተራው በተለየ የስክሪን ድካምን ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አላገኘበትም። ይህን ሁሉ ለእህቴ አነበብኩላት። «አንተ ደግሞ ገንዘብ ላለማውጣት እንግሊዝ ድረስ ትሄዳለህ» አለችኝ።

እሷን የሚያሳምን አንድ መንገድ ብቻ ነበር። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዓይን ክፍል በጠዋት ተሰለፍን። እዚያ ማንም አልተነፈሰብኝም፤ የሚተነፍሱበት ጊዜም የላቸውም። ልጄ ዓይን ውስጥ ጠብታ ተደረገ፤ ቆየን፤ እንደገና ተደረገ፤ ቆየን። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ጉጉት ሲመስል ሐኪሟ አየችው።

«ምንም የለበትም» አለች።

«ቁጥር አለው ተብለን ነበር» አለች እህቴ፣ ቁጥሩ የጠፋባት ይመስል።

ሐኪሟ ወረፋው እያስጨነቃትም አስረዳችን። የልጅ ዓይን ጉልበተኛ ነው፤ መሣሪያው ውስጥ ያለውን ፊኛ ለማየት ሲጣጣር ይኮማተራል፣ መሣሪያውም ሩቅ ማየት ያቃተው ይመስለዋል። ልጅን በጠብታ ሳያዝናኑ በኮምፒውተር ብቻ ቁጥር ማውጣት ዋጋ የለውም። በዚህ ዕድሜ ትንሽ የፕላስ ቁጥር ቢኖር ደግሞ ተፈጥሮ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ይቀንሳል። «ውጪ ይጫወት» ብላ አሰናበተችን። እውነቷን ነው፤ ቻይና ጓንግዡ ውስጥ ተማሪዎችን በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ከቤት ውጪ ሲያውሏቸው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ቅርብ እንጂ ሩቅ ማየት የተሳናቸው ልጆች ተጨማሪውን ካላገኙት ይልቅ አንሰው ተገኝተዋል፤ ጥናቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጎግ ውስጥ ልጅን ለአርባ ደቂቃ ከቤት ማስወጣት አልቸገረንም። የቸገረን ማስገባት ነው።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ግን አንድ ነገር ለምኜ ይዤ ነበር፤ ጠርዙ የተበላ አሮጌ የዕይታ መለኪያ ሰሌዳ፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ የዞረ የእንግሊዝኛ «ኢ» የተደረደረበት። ፊደል ያልቆጠረም በጣቱ እየጠቆመ ይፈተንበታል።

ምክንያት ነበረኝ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ዕይታው የደከመ ሆኖ ነው የተገኘው፤ ዕይታቸው ከደከመው ሲሶ ያህሉ መነጽር ቢያገኙ የሚስተካከልላቸው ነበሩ። ይህ ሕዝብ ያለው ደግሞ ያ ቀይ ጽሑፍ በተለጠፈበት መንገድ ላይ አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ጎረምሳ ተንፍሶበት አያውቅም። እኛ ጋ ስለ ልጅ ዓይን ወላጅን የምትጨቀጭቅ አንዲት ሰው ብትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ «ፊቱን እጠቡት፣ ዝንብ አይረፍበት» እያለች በየቤቱ ትዞራለች። የትራኮማ መድኃኒት የሚታደል ጊዜ ልጁን ከመለኪያ ዱላ አጠገብ አቁማ በቁመቱ ልክ ትሰጠዋለች። ያ ግን በእርግጥ ነፃ ነው፤ ከጀርባው ፍሬም የለም።

መስከረም ላይ ሰሌዳዋን ትምህርት ቤት ግቢ ማንጎው ግንድ ላይ ሰቀልኩና ስድስት ሜትር ለካሁ። ከማስተምራቸው መካከል ከጥቁር ሰሌዳው ስትጽፍ ያልታየች፣ ሁልጊዜ ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር የምትገለብጥ አንዲት ልጅ አለች። የሒሳቡ መምህር ኮራጅ ይላታል። ወፍራሟን የመጀመሪያዋን «ኢ» ጠቆመች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ «ቲቸር፣ ከዚህ በታችም አለ እንዴ?» አለችኝ። አጎቷን አስጠራሁት። ወደ ጅማ የሚወስደው ጉዳይ ነበረው፤ አብራው ሄዳ፣ በጠብታ ተመርምራ፣ ቡናማ ፍሬም ላይ ኖርማል ሌንስ አስገጥማ መጣች። አጎትየው ብሉ ካት ሲሉት «ካቱ ይቅርባት፣ ብሉውንም ትየው» ብሎ መልሶላቸዋል።

እኔ ያላሰብኩት ቀጥሎ የመጣው ነው። መነጽሩ ክፍል በገባ ማግስት ዓይኑ ያልደከመ ተማሪ ጠፋ። ማንጎው ሥር ተሰልፈው፣ ወደ ላይ የዞረውን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ የዞረውን ወደ ግራ ይጠቁማሉ። «ይጋርደኛል ቲቸር» ይላል አንዱ። «ራሴንም ያመኛል» ይላል ሌላው። ትልቅ ሰው ሆኖ ያለቀለት በረኛችን እንኳ ግራ ዓይኑን እያሸ መጣ። ባለ ነጭ ጋውኑ ወጣት በዚያች ሰዓት ቢደርስ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው ፍሬም አይተርፈውም ነበር። የእኔም ልጅ ሰልፉ ውስጥ ነበር።

ሰሌዳዋን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግኩና ወደ ግቢው በር ጠቆምኩ። ከዚያ ማዶ፣ ከመንገዱ ጥግ አንድ ሰው ብቅ ብሏል፤ ለእኔ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ያ የሚመጣው ማነው?»

«ርዕሰ መምህሩ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። «ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል!»

ባለመነጽሯ ፍሬሟን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ትንሽ አየችው።

«አልገለበጠም» አለች። «ቁልፉን ነው ያዛነፈው፤ አንዷ ደግሞ የለችም።»