ሲጥ የምትል መኪና፣ ዝም የሚል ዋስትና

እኔ የመኪና ድምፅ የሚያስደነግጠኝ ሰው አይደለሁም። ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የነዳሁት ሁሉ ይጮኽ ነበር። ፊያት 682 ኤንትሬ ሬንጅ ጭኜ ሊማሊሞን ስወርድ ከፍሬኑ፣ ከካምቢዮው፣ ከረዳቴም ጭምር የሚወጣው ጩኸት የተራራውን ጭላዳ ያስበረግግ ነበር። ግን ያ የሥራ ጩኸት ነው፤ እንጨት ፈላጭ «እህ!» እንደሚለው። የዛሬው ሌላ ነው። ልጆቼ ተዋጥተው አዲስ ደብል ካብ ፒክአፕ ገዙልኝ። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ (ለምን ይነሳል? ገና አዲስ ነው!) መኪናዋ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ማለት ጀመረች።

ሱሉልታ ጥቂት ዶሮዎች አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን ስምንት ኩንታል መኖ እጭንና አዲሱ ገበያ ቤቴ አሳድሬ ማለዳ ይዤ እወጣለሁ። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ነው። አስፋልቱን ለቅቄ ድንጋዩ ላይ ስወጣ ከኋላ በቀኝ በኩል ይጀምራል፤ ሲጥ... ሲጥ... ሲጢጥ። ሰፈሩ ሁሉ ለመደው። የልጅ ልጄ ከሩቅ ለይቶት ሮጦ የግቢውን በር ይከፍትልኛል፤ ክላክስ ከነካሁ ወራት አለፉ። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴም «መምጣትዎን ሰምቼ ቡና ጣድኩ» ይሉኛል። ባዶዋን ስትሆን ግን ጨዋ ናት፤ ትንፍሽ አትልም።

አማርኛ ለታደለ ሰው የመኪና ምርመራ ግማሹ በቃሉ ያልቃል። ሲጥ ካለ ጎማ ነገር ነው፤ ደርቋል ወይ ተጠምዝዟልና ጎሚኒውን እይ። ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ ካለ የላላ ብረት ነው፤ ቡሎን ነቅንቅ። ዥዥ እያለ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ከሆነ ኩሽኔታ ጠርጥር። ኳ ኳ ሲል ቆይቶ ፍሬን ስትነካ ጸጥ ካለ የፍሬን ሸራው ቤቱ ውስጥ ላልቷል። ይህን ያስተማረኝ ኮሌጅ አይደለም፤ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሜ ዋስትና ወደሰጠኝ ጋራዥ ሄድኩ። ጋራዥ ማለቴን ይቅር በሉኝ፤ «የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል» ነው የሚባለው። ወለሉ ከሳሎኔ ይጸዳል። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ልጅ «ምን ልታዘዝ አባት?» አለችኝ።

«ልጄ፣ የኋላው ባሌስትራ ጎሚኒ ሲጥ ይላል።»

«ባሌ... ምን?»

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት አስጨንቆን ሲሄድ ከተወልን ጥቂት የሚረባ ነገር አንዱ የጋራዥ ቋንቋ ነበር። ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ግራሶ። ጣሊያንን አርበኞች አባረሩት፤ ባሌስትራን ደግሞ እነዚህ ልጆች።

«ሰስፔንሽን ማለትዎ ነው?»

«እሱ ይሁን።»

«ድምፁ እንዴት ነው? እስቲ ያሰሙኝ።»

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከረባት አስሬያለሁ። ሰው በሞላበት አዳራሽ መካከል ቆሜ «ሲ-ጢ-ጢጥ» አልኩ። ጥግ ላይ ማኪያቶ ይጠጣ የነበረ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ደንበኛው ድምፅ አለ ይላሉ» ይላል። ይላሉ! በገዛ መኪናዬ ጉዳይ ወሬ አቀባይ ሆኜ ቀረሁ።

አንድ ወጣት ባዶዋን መኪና ይዞ ለሙከራ ወጣ። የት የወሰዳት ይመስላችኋል? እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አስፋልት ላይ። ሃያ ደቂቃ ዞሮ መጣና «አባት፣ ድምፅ አልተገኘም» አለኝ። «ጭነህ ኮብልስቶን ላይ ሞክራት» ብለው «የሙከራ መስመራችን ይሄ ነው» አለ። ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን የሚያመውን ሽማግሌ አልጋ ላይ አስተኝቶ «አሁን ያምሃል?» እንደማለት ነው። ኮምፒውተርም ሰኩባት፤ ኮምፒውተሩ «ምንም ስህተት የለም» አለ። ስለ ሞተር ብዙ ያውቅ ይሆናል፤ ጎሚኒ ግን ሽቦ የለው፣ ምኑን ብሎ ይንገረው?

በሁለተኛው ጊዜ «ለማንኛውም» ብለው መኪናዋ ስትዞር እንዳታጋድል የሚይዘውን ባራ ማያያዣ ቀየሩልኝ፤ ያውም የፊቱን! ድምፁ ከኋላ ነው እያልኩ። በዚህ እንኳ ብዙ አልፈርድባቸውም፤ ሻንሲ ድምፅን እንደ ሐሜት ያመላልሳልና ከኋላ የተነሳው ከፊት ሊሰማ ይችላል። ግን አስፋልት ላይ ዝም ያለችውን መኪና መልሰው አስፋልት ላይ ፈትነው «ተፈውሳለች» አሉኝ። በሳምንቱ መኖዬን ጭኜ ስመለስ ሲጥታው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ዋናው መልስ መጣ፦ «ባሕርይዋ ነው አባት፤ ፒክአፕ እንዲህ ነው።» ባሌስትራ የትናንት ፈጠራ መሰላቸው! በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የመጣችው የእንግሊዝ መኪናም ባሌስትራ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ከመቶ ዓመት በላይ የምናውቀው ብረት ዛሬ በእኔ ላይ አዲስ ባሕርይ ያወጣል?

ማታ መነጽሬን አድርጌ የዋስትናውን ደብተር አነበብኩ። ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ሞተር ይሸፍናል፤ ካምቢዮ ይሸፍናል፤ ዲፈረንሻል ይሸፍናል። ከዚያ ጉንዳን በምታህል ፊደል፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ጎሚኒና «ሌሎች በአጠቃቀም የሚያልቁ ዕቃዎች» አይመለከታቸውም። የማይሰበረውን አጥብቆ ይጠብቅልሃል፤ የሚያልቀውን በነጻ ለአንተ ይተውልሃል።

ቤተሰቡም ሐኪም ሆነ። የልጅ ልጄ በጣሳ የሚረጭ ዘይት ገዝቶ ሥሯ ገባና ረጨባት። ሦስት ቀን ዝም አለች፤ በአራተኛው በእጥፍ መጣች። የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ጎማ ሲነካ ያሳብጠዋል፤ የግድ ይረጭ ከተባለ ሲሊኮን ነው፣ እሱም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይሆንም። የሰፈራችን መካኒክ ደግሞ «ጋሼ፣ በባሌስትራው ድርብርብ ብረቶች መሃል ከመነዳሪ ቆርጬ ላስገባልዎት» አለኝ። ድሮ እኔም አድርጌዋለሁ። አሁን ግን የውጭ እጅ ከነካት ዋስትናው ቀረ ይላሉ። የራሳቸው እጅ አይነካት፣ የሌላው እጅ እንዳይነካት!

ቨርጂኒያ ያለው ልጄ ደወለ። «አባዬ፣ አትሟገት፤ አስጽፍ። በሄድክ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ያልከውን ቃል አስጽፈህ ቅጂውን ያዝ። ኋላ ዋስትናው ቢያልቅ እንኳ የሚያከራክርህ በጊዜው የተመዘገበ ቅሬታ ነው።» ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ሲባል ነበር የማውቀው፤ አሁን ባለቤቱ ካላስጻፈ ሆነ። የራስጌዬ መሳቢያ መዝገብ ቤት ሆኖ ቀረ።

በአራተኛው ጊዜ ቆረጥኩና ስምንቱን ኩንታል እንደጫንኩ ሄድኩ። ጥበቃው በሩ ላይ አስቆመኝ።

«አባት፣ ጭነት የያዘ መኪና አይገባም። አውርደው ይግቡ።»

«ልጄ፣ ጭነቱ እኮ በሽታው ነው። ካወረድኩት ምኑን ላሳይ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ክላክስ ማስጮህ ጀመሩ። በዚህ መሃል ጸጉሩ የሸበተ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከውስጥ ብቅ አለ። ጥፍሩ ሥር ግራሶ አየሁና ልቤ ረጋ።

«ምንድን ነው የምትለው ጋሼ?»

«ሲጥ።»

«ስትጫን ነው? ከኋላ?»

የእግዜር ያለህ! ጠያቂ ተገኘ። ካሶኒው ላይ ወጣ፤ ጆንያዎቹ ላይ በደረቱ ተኝቶ አንገቱን በቀኝ በኩል አሰገገና «ቀስ ብለው ይንዱ» አለኝ። ከማዕከሉ ጀርባ ወዳለው ኮብልስቶን ገባን። ሁለት መቶ ሜትር አልሄድንም፤ ጣሪያዬን መታ መታ አደረገ። «በቃ ጋሼ፣ አገኘኋት።»

ስንመለስ መኪናዋን ሊፍት ላይ አልሰቀላትም። በአራት እግሯ መሬት ላይ እንደቆመች፣ ጭነቷን እንደያዘች፣ እሱ ተንሸራቶ ሥሯ ገባ። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ የራሴ ጉልበት ቋ አለ። የባሌስትራውን የፊት ጆሮ ከሻንሲው ጋር የያዘውን ቡሎን በረጅም ቁልፍ ሲያላላው ከውስጥ «ጧ!» የሚል ወጣ። መኪናዋ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ሰሙት? ተጠምዝዞ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሚኒው መሃሉ የብረት ቱቦ አለው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ተይዞ ይቀራል፤ ባሌስትራው ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘውና የሚመለሰው ጎማው ነው። እንግዲህ መኪናው ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ቡሎኑን ካጠበቅኸው፣ ጎሚኒው መንጠልጠልን ትክክለኛ አቋሙ አድርጎ ይይዛል። መሬት ሲያርፍ ገና አንድ እርምጃ ሳይሄድ ተጠምዝዟል፤ ስምንት ኩንታል ሲጨመርበት ያቃስታል፤ ሲቆይ ይቀደዳል።

ማን ሰቅሎ አጠበቀው? የመሳቢያዬን ወረቀት ሁሉ ይዤ ነበርና መካኒኩ አገላብጦ አንዷን አወጣ። የመጀመሪያው ሰርቪስ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር፦ «የኋላ ባሌስትራ ቡሎኖች ተፈትሸው ጠብቀዋል።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ያጠበቁት እነሱ፣ ያቃሰተችው እሷ፣ አዳራሽ መሃል ሲጢጥ ያልኩት እኔ።

መካኒኩ ሌሎቹንም ቡሎኖች እንዲሁ አላላ። ከዚያ «ሲጠብቅ በራሷ ክብደት መቆም አለባት» ብሎ ጭነቱን አስወረደ። ከሳሎኔ በሚጸዳው ወለል ላይ ስምንት ኩንታል የዶሮ መኖ ሲደረደር ያችን «ይላሉ» ብላ የጻፈች ልጅ አየኋት፤ አስነጠሳት። መኪናዋን ከኋላ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ እንደ ልማዷ ካስቀመጣት በኋላ ጥብቀቱን በሚለካው ቁልፍ አንድ በአንድ አሰራት። የተቀየረ ዕቃ የለም፤ ስለዚህ የሚያልቅ ነው የማያልቅ የሚል ክርክርም አልተነሳም። አንድ ብር አልከፈልኩም። ወረቀቴንም አስጽፌ ተቀበልኩ።

ማታ ከነጭነቴ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣሁ። ጸጥ። መስኮት ከፍቼ አዳመጥኩ። ጸጥ። ደስ ብሎኝ በሬ ድረስ ነዳሁ፤ በሩ ተዘግቷል። ጠበቅሁ፤ የሚመጣ የለም። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው በገዛ በሩ ላይ ስምንት ኩንታል ጭኖ ቆሞ አያውቅም። ክላክስ አደረግሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የልጅ ልጄ ዓይኑን እያሸ ወጣና «አባባ፣ መቼ መጣህ?» አለኝ። ጎረቤቴም ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ምነው በዚህ ምሽት ክላክስ? ሰው ተኝቷል እኮ!» አሉ። ቡናም አልተጣደም።

ዋስትናዬ ገና አላለቀም፤ ተመልሼ ላስጽፍ ብዬ ነበር። ግን ያቺ ልጅ ምን ብላ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፦ «ደንበኛው ድምፅ የለም ይላሉ።»