«ጠይቆ መድረስ እያለ ካርታ ምን ያደርጋል?»

የሰፈሩን ካርታ በወረቀት አትሞ የሚያድል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ጋሼ፣ ሠርግ የተጠሩት እንግዶችም ጠይቀው ነው እኮ ለቅሶ ቤት ገብተው ንፍሮ የበሉት!

«ለመሆኑ ይኼ ካርታችሁ ባንክ ያስይዛል?»

አያስይዝም፤ ባንኩ ድረስ ግን ያደርስዎታል። የይዞታው ካርታ አጥርዎን ያሳያል፣ ይኼኛው ከአጥርዎ ውጭ ያለውን፦ ፋርማሲውን፣ የውሃ ቦኖውን፣ ሁለት መኪና የማያስተላልፈውን ቅያስ።

«ካርታ መሥራት የመንግሥት ሥራ አይደለም? ማን ፈቀደላችሁ?»

የመንግሥቱ ካርታ አለ፤ ደግሞም ጥሩ ካርታ ነው። ግን የታወቀው 1:50,000 ነው፤ እዚያ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። አውራ ጣትዎን ካሳረፉበት ሰፈራችን ጠፋ ማለት ነው። የእኛ መረጃ የሚመጣው ማንም ከሚሥለውና ከሚያርመው ክፍት ካርታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ነው። የአገሩ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ያሠራውን የካርታ መረጃ መልሶ ለሕዝቡ በውድ ይሸጥ ነበርና፣ በጎ ፈቃደኞች ጂ.ፒ.ኤስ. ይዘው በእግርና በብስክሌት እየዞሩ የራሳቸውን ይሥሉ ጀመር። «እንዲህ ዓይነት ጉድ እንግሊዝ አገር ብቻ ነው ያለው» ላለኝ ሰው መልስ የለኝም፤ ሳቅ ነው ያለኝ።

«እና የሰው ንብረት ነው የምታትሙት?»

ማተምም መሸጥም ይፈቀዳል። የሚጠየቀው ከሥሩ መረጃው የኦፕን ስትሪት ማፕ አስተዋጽዖ አድራጊዎች መሆኑን መጻፍ ነው። አንድ መስመር ምስጋና! እሱም የሚከብደው አለ፤ የራሱን ስም ኮባ በሚያህል ፊደል ጽፎ የእነሱን ቦታ ጠበበኝ ብሎ የሚተው።

«ሥራ የፈታ ነው ካርታ የሚስለው።»

እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ እነዚያ ሥራ ፈቶች ከየቤታቸው የሳተላይት ምስል እያዩ የፖርቶ ፕረንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ። የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ሥራ ያለን ሰዎች ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን «ውይ! ውይ!» እንል ነበር።

«ማንም የሚነካካው ነገር ደግሞ ይታመናል?»

ማንም ስለሚነካው ነው ማንም የሚያርመው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈረሰ፤ ቀድሞ የታተመው ካርታ ላይ ግን ምን ሲደረግ! እንደቆመ ነው። ክፍቱ ካርታ በዚያው ምሽት ሊታረም ይችላል። የሚያርም ሰው ካለ ነው ታዲያ፤ ከሌለ እዚያም ቆሞ ይቀራል። ኮምፒውተር አልችልም ካሉ ደግሞ ይኸው የታተመው ወረቀት፣ ይኸው እስክሪብቶ። የተዘጋውን መንገድ ይሰርዙ፣ የተከፈተውን ይሳሉ፤ የልጅ ልጅዎ ማታ ያስገባልዎታል። ለስድብ ብቻ ነው እንዴ እስክሪብቶ የሚመዘዘው?

«ስልኬ ላይ አለ እኮ!»

ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክዎ ባትሪ ነው፤ እሱም ቻርጅ ካለው።

«ስሙን ተሳስታችኋል። ያ መንገድ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ ምን ቦሌ መንገድ ትላላችሁ?»

እሺ፤ ነገ ታክሲ ውስጥ «አፍሪካ ጎዳና ላይ ወራጅ አለ!» ይበሉ። ረዳቱ ካወረደዎት እቀይረዋለሁ። እንዲያውም መጣላት የለብንም፤ መረጃው ውስጥ ለአንድ ቦታ ብዙ የስም ማኅደር አለ፦ መንግሥት ያወጣለት ስም፣ ሰፈርተኛው የሚጠራው፣ የድሮው። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ እንግሊዝኛው ለየራሱ ይገባል። የሚታተመውን የምንመርጠው እኛ ነን። ለሠርግ ከሆነ ታቦቱን፣ ነዳጅ ማደያውንና ድንኳኑን ትልቅ አድርጎ ሌላውን ማጥፋት ነው። ለዕድሩ ከሆነ ቅያሱ ሁሉ ይግባ። ማፕኦስማቲክ የሚባል አገልግሎት ሰፈሩን ከከለሉለት በፒ.ዲ.ኤፍ. አዘጋጅቶ የጎዳና ስም ማውጫም ይጨምርበታል። «ማውጫው ባዶ ወጣ!» ብሎ የጮኸም ነበር። ወንድሜ፣ መንገዶችህ ስም ከሌላቸው ማሽኑ ክርስትና ያንሳልህ?

«ሰሜን ከላይ መሆኑን ማን ነገራችሁ?»

እንጦጦ። እዚህ ከተማ ሽቅብ የሚባለው ሁሉ ወደ እሱ ነው።

አሁን ኮፒ ቤት እንግባ፤ ዋናው ትግል እዚያ ነው። በኤ4 ወረቀት በ1:5,000 ሲታተም አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ሰፈር ይይዛል፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ይበቃል። ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ልኬቱን አስተካክለህ ትመጣለህ፤ የኮፒ ቤቱ ልጅ ግን ሳይጠይቅህ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን ይጫንልሃል። ካርታው ያንሳል፣ ከሥሩ ያለው 1:5,000 የሚል ጽሑፍ ግን አልሰማሁም ብሎ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የርቀት መለኪያ መስመር የሚሣለው፤ እሱ ቢያንስ ከካርታው ጋር አብሮ ይጠባል።

«ትንሽ ቢያንስ ምን አለበት?»

ላንተ ምንም፤ የምትከፈለው በገጽ ነው። በእግሩ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደል ነው። በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ኖቶ ኢትዮፒክ ያለ የግእዝ ፊደል ካልተጫነና ፋይሉም ፊደሉን ይዞ ካልመጣ፣ የቦታው ስም ሁሉ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

«ይኼ ሳጥን ምንድን ነው?»
«ኮልፌ።»
«ይኼኛውስ?»
«እሱም ኮልፌ፤ ቀራንዮ የሚለው ጭምር።»

በመጨረሻ ካርታው ታትሞ የዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ፦

«ቤቴን ስላችሁ ስሜን አልጻፋችሁም። እኔ ሰው አይደለሁም?»

ጋሼ፣ የግለሰብ ስም ክፍት መረጃ ውስጥ አይገባም፤ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ዕድሩ ከፈለገ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ደርቦ ለዚህ ግድግዳ ብቻ ያትመው።

«የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ጻፉት!»

እርስዎማ የለዎትም። ያበደሩዎት ሰዎች ናቸው ቤትዎ የቱ ጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠፋባቸው።