የብልሁ ማሽን አስታማሚዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ ክርስትና ላይ የተጠራ ወጣት ኢንጂነር ስለ ሥራው ሲጠየቅ አጠገቡ መቀመጥ ደስ ይለኛል።

«ይሄ አገር ምድሩ የሚያወራለትን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንተ ነህ እንዴ የሠራኸው፣ የኔ ልጅ?» ይሉታል አንዲት እናት፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እያዘጋጁ።

«አይ እትዬ፣ ሞዴሉን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። እኔ እነሱ የሚሠሩበትን ነው የምሠራው።»

«ኮምፒውተሩን?»

«ኮምፒውተሩንማ ሌላ ኩባንያ ነው የሚሠራው። እኔ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ…»

«አሃ! ሲጣሉ ታስታርቃለህ በለኛ።»

ልጁ ይስቃል። ሊንክዲን ላይ የደረደረው ማዕረግ ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ወደ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ያገራችን ልጆች በየቀኑ አጠገባቸው ያልፋሉ፤ አሽበርን አካባቢ የተኮለኮሉትን መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች አይተው መጋዘን ነው ብለው ነው እንጂ።

ማዕረጉን ካነሣን አይቀር፣ የዚህ ሙያ ሰው የሚያድገው ሥራውን ሳይለውጥ ስሙን እየለወጠ ነው። ሃዱፕ የሚባለው የዳታ ሶፍትዌር የነገሠ ጊዜ (ስሙ ከፈጣሪው ልጅ የአሻንጉሊት ዝሆን የተወሰደ ነው) «የቢግ ዳታ ኢንጂነር» ይባል ነበር። ቀጥሎ «ኤምኤልኦፕስ» መጣ፣ ከዚያ «ኤምኤል ፕላትፎርም»፣ ዛሬ ደግሞ «ኤአይ ኢንፍራስትራክቸር»። ደመወዙም ከስሙ ጋር ከፍ ብሏል፤ ይጨምርለት። የሚሠራው ግን ያው ነው፦ ዳታውን ከዚያ ወደዚህ ማጋዝ፣ መንገድ ላይ ሲወድቅ ማንሣት፣ ለምን እንደወደቀ መጻፍ፣ እንደገና ማጋዝ። ከቀኑ የሚበዛው የሚያልቀው ደግሞ ያሜል በሚሉት ፋይል ውስጥ ያለቦታዋ የገባች አንዲት ባዶ ቦታ ሲፈለግ ነው።

የጎግል ኢንጂነሮች በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ታዋቂ ሥዕል አለ። መሃሉ ላይ እንደ ነጥብ ያነሰች ጥቁር ሳጥን ተቀምጣለች፤ የማሽን ለርኒንጉ ኮድ እሷ ናት። ዙሪያዋን የከበቧት ትልልቅ ሳጥኖች ዳታ መሰብሰብ፣ ዳታ ማጣራት፣ ማሽን ማደላደል፣ ክትትልና የመሳሰሉት ናቸው። ጽሑፉ የሚያስጠነቅቀው እንዲህ ያለው ሲስተም የተደበቀ ዕዳ ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥዕሉን በስብሰባ ላይ ያሳያል፤ ዕዳውን ሲከፍል የታየ ግን ብዙም የለም። ምን ያድርጉ፣ የደረጃ ዕድገት የሚሰጠው አሮጌውን ላስታመመ ሳይሆን አዲስ ለገነባ ነው። አንዱ ይገነባል፣ ያድጋል፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ይገባል። ተተኪው መጥቶ ኮዱን ያይና «ይሄን ደግሞ ማን አባቱ ነው የጻፈው?» ብሎ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ከቴንሰርፍሎው ወደ ፓይቶርች፣ ከራስ ሰርቨር ወደ ክላውድ፣ የክላውዱ ሒሳብ ሲያስደነግጥ ደግሞ ተመልሶ ወደ ራስ ሰርቨር ያሻግራል። በማሻገሩም ያድጋል።

አስታማሚነቱ አፍጥጦ የሚወጣው ትልልቆቹ ሞዴሎች ሲሠለጥኑ ነው። ሜታ በ2022 ኦፒቲ-175ቢ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ የተረኞቹን የውሎ መዝገብም አብሮ ለቀቀው። ጂፒዩ በሚባሉ 992 የስሌት ቺፖች ላይ ሁለት ወር ገደማ ሲሠለጥን ቢያንስ 35 ጊዜ በሰው እጅ እንደገና ተነሥቷል፣ ከመቶ በላይ ማሽኖችም ተቀይረዋል። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ማሽን ተቀየረ፣ ደግሞ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያው ኩባንያ ሞዴል ላማ 3 ባሰበት፦ በ16,384 ጂፒዩ ላይ በ54 ቀን ውስጥ 419 ጊዜ ሳይታሰብ ተቋረጠ። በአማካይ በየሦስት ሰዓቱ መሆኑ ነው። የቀትር ሙቀት ሳይቀር ፍጥነቱን ከ1 እስከ 2 በመቶ ይለዋውጠው ነበር። ጂፒዩዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆም ያሉ እንደሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍጆታው በቅጽበት በብዙ አሥር ሜጋዋት ይዋዥቃል። እኛ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ሲቆም አይተን ነው ያደግነው፤ ኮምፒውተር ሲቆም መብራቱ የሚደነግጥበት አገርም ለካ አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ 54 ቀናት ውስጥ የሰውን እጅ አጥብቆ የጠየቀው ችግር ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያጋጠመው። የቀረውን አስታማሚዎቹ አስቀድመው የጻፉት ኮድ ራሱ አነሣው።

ማስታመም እንዲህ ሲሳካ ነው እንግዲህ የባለሙያው መከራ የሚጀምረው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ አለቃው ፊት ይቀርባል።

«ዘንድሮ ምን ሠራህ?»

«ምንም አልወደቀም።»

«ጎሽ። ግን ምን ሠራህ?»

ጎኑ የሚቀመጠው ባልደረባው ዓርብ ማታ ሳይሞክር በለቀቀው ኮድ ሲስተሙን አንኮታኩቶ፣ ቅዳሜን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነሣው አድሯል፤ ሰኞ ጠዋት በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። የዚህኛው ወረቀት ግን «የሚጠበቅበትን አሟልቷል» ብሎ ያበቃል።

በሳምንቱ ይኸው ጸጥተኛ ሰው ማንም ያልጠየቀው አዲስ ፕላትፎርም ለመሥራት ሐሳብ ያቀርባል። አንድ መስመር ኮድ ገና አልተጻፈም፤ ስሙ ግን እንደ ኩበርኔቲስ ሶፍትዌር ስም ከግሪክኛ ተመርጧል፣ አርማው ተስሏል፣ ቲሸርቱም ታዟል።